ምዕራፍ ሰባት፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ሀርሺን ወንዝ የለውም። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ እስከ ሶማሌላንድ ድንበር የተዘረጋው ይህ የሀውድ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውኃ አያውቅም፤ ሰውም ከብትም የሚኖረው በብርካ ነው። ብርካ መሬት ተቆፍሮ፣ ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ የሚሠራ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በተቀደደለት ቦይ ይገባል፤ ከላይ በእሾህ ቅርንጫፍ ወይም በቆርቆሮ ይከደናል፤ መክደኛው የሚቆለፍም አለ። ጅላል በሚሉት ደረቅ ወቅት በገመድና በባልዲ ይቀዳል። ብርካ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ለዘመድ ይሰጣል፣ ለሌላው ይሸጣል፣ የጠማውን መንገደኛም ሳያጠጣ አይሸኝም። ሳይጠይቅ የቀዳ ሰው ግን ጠብ አንሥቷል፤ ጠቡም በሁለት ሰዎች መካከል አይቀርም፣ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

ይህ ምዕራፍ ስለ ውኃ አይደለም። የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች “በራስ አካል ላይ የመወሰን መብት” ስለሚሉት ነገር ነው። ስሙ ይከብዳል። አዳራሽ ውስጥ ሲነሣ ገሚሱ “ሴት እንዳሻት ትሁን ማለት ነው” ብሎ ይቆጣል፣ ገሚሱ ያጨበጭባል፣ ሁለቱም ወገን ነገሩን በቅጡ ሳይዘው ይወጣል። የብርካውን ሕግ ግን የሀርሺን እረኛም ያውቀዋል። ባለቤት መሆን መንፈግ አይደለም፤ ባለብርካው እንዲያውም ከሚጠጣው የሚያጠጣው ይበልጣል። ባለቤትነቱ የሚታወቀው ከመቀዳቱ በፊት በመጠየቁ ነው፤ “እሺ” ወይም “ዛሬስ አይሆንም” ሲል ቃሉ በመጽናቱ ነው። በአካል ላይ የመወሰን መብትም ከዚህ የራቀ አይደለም። አግቢ ወይም አታግቢ፣ ውለጂ ወይም አትውለጂ አይልም። አካሏ የሚነካው ሴት አስቀድማ ትጠየቅ፣ መልሷም ይከበር ይላል፤ በቃ።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታም አለ። ብርካ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ለዕዳ ይያዛል፤ አካል ግን እንዲህ ሊደረግ አይገባም። በምዕራፍ አራት ሔር የሚባለውን የሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ ስናይ፣ በደሉም ካሳውም የግለሰብ ሳይሆን የጎሣው እንደሆነ ተነጋግረናል። ለተገደለ ወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50 የሚለው የቆየ ልክም እዚያው ተነሥቶ ነበር። ሔር መንግሥት በማይደርስበት ሜዳ ላይ ስንት ደም እንዳስቀረ መካድ ግፍ ነው። ሆኖም ደም ለማድረቅ ልጃገረድ ለተበደለው ጎሣ ስትዳር፣ ወይም ባሏ የሞተባትን ሴት የሟች ወንድም ዱማል ብሎ ሲያገባት፣ አካሏ በሒሳቡ ውስጥ ከግመሎቹ ተርታ ገብቷል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ደስ ብሏት የምትገባበት ጊዜም ይኖራል፤ ልጆቿ ከአባታቸው ወገን ጋር ይቆዩላታል፣ ቤቷ አይበተንም። መለየት ያለበት ግን “ተስማማች ወይ?” ብቻ አይደለም፤ “እንቢ ብትል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?” የሚለው ነው። እንቢታ ዋጋ በሌለበት ቦታ እሺታም ዋጋ የለውም።

እንዴት ይለካል?

መብት እንደ እህል አይሰፈርም ይባል ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ይህን መብት የሚለካባቸውን ጥያቄዎች ለሰፊው አንባቢ አቅርቧል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ስለ ራስሽ ሕክምና የሚወስነው ማነው? የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀም አለመጠቀምን የሚወስነው ማነው? ባልሽን “ዛሬ አልፈልግም” ማለት ትችያለሽ? ለሦስቱም “ራሴ” ወይም “ከባሌ ጋር ተመካክረን” ብላ የመለሰች፣ እንቢም ማለት የምትችል ሴት በአካሏ ላይ ትወስናለች ተብላ ትቆጠራለች። መረጃ በተገኘባቸው 57 አገሮች ይህን መለኪያ ያለፉት 55 በመቶ ብቻ ነበሩ።

“ተመካክረን” የሚለው መልስ እንደ ነፃነት መቆጠሩን ልብ ይሏል። ይህ መብት ሴትን ከቤቷ ነጥሎ ብቻዋን የሚያቆም ነው ብለው የሚፈሩ ሰዎች መለኪያውን ቢያዩት ግማሹ ሥጋታቸው ይቀላል። ምክር ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው ምክሩ እሷ በሌለችበት ተካሂዶ ውሳኔው ብቻ ሲነገራት ነው።

ቁጥር ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ በሶማሌ ክልል ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ የነበሩት ያገቡ ሴቶች 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በአገር ደረጃ ግን 35 በመቶ ደርሰዋል። አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በክልሉ 7.2፣ በአገር ደረጃ 4.6 ልጅ ነበር። ችኩል አንባቢ ይህን አይቶ “የሶማሌ ሴት መብት የላትም” ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ልክ አይደለም። ከብት አርቢ ቤት ውስጥ ልጅ ክብር ነው፣ ጉልበት ነው፣ የእርጅና ጧሪ ነው፤ ብዙ መውለድ የምትፈልግ እናት ፍላጎቷ የራሷ ነው። ስምንት የወለደች በአካሏ ላይ የወሰነች ልትሆን ትችላለች፤ አንድ ብቻ ወልዳ በባሏ ትእዛዝ መርፌ የተወጋችው ደግሞ ያልወሰነች። ቁጥሩ የሚነግረን የት ሄደን መጠየቅ እንዳለብን እንጂ መልሱን አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የሕክምናው፣ ከሁሉም ቀላል ይመስላል። ማን ታሞ ማን ይወስናል? ግን አንድ ምጥ እንውሰድ። ሴትዮዋ የ24 ዓመት ናት፣ ምጡ ሁለተኛ ሌሊቱን ይዟል፣ ጅግጅጋ ሆስፒታል ደርሳለች፤ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ካልሆነ ልጁም እናቲቱም አይተርፉም ይላል። እሷ ትስማማለች። ወረቀቱ ግን እሷን አልፎ ደጅ ወዳሉት ወንዶች ይሄዳል። ባልየው ከብት ይዞ ሩቅ ነው፣ ስልኩ አይሠራም፤ አጎት ይፈለጋል፤ አጎቱ “ሆዷ ከተቀደደ ወዲያ እንደ ልብ አትወልድም” ብሎ ያመነታል። ይህቺን ሴት ያቆምኳት ለምሳሌ ነው፤ በሶማሌ ማኅበረሰቦች ስለ ወሊድ ቀዶ ጥገና የተጻፉ ጥናቶች ግን የዘመድ ፈቃድ ሲጠበቅ የሚያልፈውን ሰዓት ደጋግመው ያነሡታል። የፌዴራሉ የጤና አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006 ፈቃድ የሚጠይቀው ከታካሚው ነው። አዋቂ ሆና፣ አእምሮዋም ልቧም ካለ፣ የእሷ ፊርማ ይበቃል። ሕጉ አልጎደለም፤ እስክሪብቶው ነው ወደ ተሳሳተ እጅ የሄደው።

ገና ልጅ ሳለች

እስካሁን ያነሣናቸው አዋቂዎች ነበሩ። ጉዳዩ የሚጠብቀው ልጅ ላይ ሲመጣ ነው።

ገራዧ ምላጭ ይዛ ትመጣለች። ልጅቷን ሁለት ሦስት ሴቶች አጥብቀው ይይዟታል፤ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት አልሞላትም። ቂንጥሯ ይቆረጣል፣ ከንፈሮቹም ይቆረጣሉ፤ የቀረው ሥጋ ግራና ቀኙ ተገጥሞ በግራር እሾህ ወይም በክር ይያዛል። ከርቤ ይቀባል። ቁስሉ እስኪገጥም እግሮቿ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት በጨርቅ ተጠቅልለው ይታሰራሉ። የሚቀርላት ለሽንትና ለወር አበባ መውጫ የምትሆን ጠባብ ቀዳዳ ናት። ከዚያ ወዲያ ሽንቷ ቶሎ አይወርድም፣ የወር አበባዋ እየታቆረ ያሠቃያታል፤ ስትዳር ይከፈታል፣ ስትወልድ እንደገና ይቀደዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሴት ልጅን ግርዛት በአራት ዓይነት ሲከፍል ይህኛውን፣ ማለትም መስፋት ያለበትን፣ ሦስተኛ ብሎታል። ሶማሌዎች ፊርዖናዊ ይሉታል፤ ቀለል ያለውን ደግሞ ሱና። በ2008ቱ ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 65 በመቶው የተገረዙ ሲሆኑ፣ በሶማሌ ክልል ቁጥሩ ወደ 99 ይጠጋል። ከተገረዙት ውስጥ የተሰፉት በአገር ደረጃ 7 በመቶ ገደማ፣ በሶማሌ ክልል 73 በመቶ ነበሩ። ይህን ነገር ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ጋር አንድ ላይ ማውራት የማይቻለው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስለ ግርዛት የሚነገረው ብዙው ሀርሺን ሲደርስ ስለ ሌላ ነገር የሚነገር ይመስላል።

አሁን አንድ ብልህ አያት፣ የልጆቹ አዬዮ፣ እንዲህ ብላ ትጠይቀን ይሆናል፦ “ለክትባት ልጅቷን ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? ስታለቅስ ይዛችሁ ትወጓታላችሁ። እኔስ ምን የተለየ አደረግሁ?” ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ሊናቅም አይገባውም። ልጅ በራሷ መወሰን አትችልም፣ አሳዳጊ ይወስንላታል። ልዩነቱ ያለው አሳዳጊው በምን ላይ ይወስናል በሚለው ላይ ነው። ክትባት መጠበቅ አይችልም፤ ኩፍኝ ልጅቷ 18 ዓመት እስኪሞላት አይታገሥም። ክትባቱ ደግሞ ነገ አድጋ ለመወሰን በሕይወት እንድትቆይ ያደርጋታል። ግርዛቱ በተቃራኒው መጠበቅ ይችላል፣ ከተደረገ ግን አይመለስም፤ የተቆረጠው አይበቅልም። አሳዳጊ አደራ ጠባቂ ነው። ባለቤቷ አድጋ ልትወስንበት የሚገባትን ነገር ከወዲሁ የጨረሰ አደራውን በልቷል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ላይ አያወላዳም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 16 ማንኛውንም ሰው ከአካል ጉዳት ይጠብቃል፤ አንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን ይከለክላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ መስፋትን ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በአካል ወይም በጤና ላይ ጉዳት ከደረሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሆናል። ሕጉ ከወጣ ዳሰሳው እስኪካሄድ ከ10 ዓመት በላይ አልፏል። ልጅቷን የያዙት እናቷ፣ አክስቷና ጎረቤቷ በሆኑበት ቤት ውስጥ ፖሊስ ምስክር ከየት ያመጣል?

አዋላጇ

ከሀርሺን ድንበሩን ተሻግሮ ሐርጌሳ ሩቅ አይደለም። ኤድና አደን እስማኤል እዚያ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወለዱ። አባታቸው የሕክምና ሰው ነበሩ። ልጃቸው የተገረዘችው ግን እሳቸው ቤት ባልነበሩ ጊዜ፣ በእናትና በአያት ስምምነት ነው። ሲመለሱ እጅግ መቆጣታቸውንና ማዘናቸውን ኤድና ካደጉ በኋላ በአደባባይ ተናግረዋል። የተማረ አባት፣ ሐዘኑ እውነተኛ የሆነ አባት፣ በገዛ ቤቱ አልደረሰም። “ሴት የምትጨቆነው በወንድ ነው” የሚለው አጭር አነጋገር ይህን ታሪክ አይሸከመውም። የምላጩ ጉዳይ የሴቶች ግዛት ነው፤ በሩን የያዘችው አያት ናት። አያቲቱም ጠልታ አይደለም፤ ያልተሰፋች ልጅ ባል አታገኝም፣ ስሟም ይጎድፋል ብላ ፈርታ ነው። ፍርሃቷም በኖረችበት ዓለም መሠረት ነበረው።

ኤድና እንግሊዝ አገር ነርስነትና አዋላጅነት ተምረው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞቃዲሾ ላይ ስለ ግርዛት በአደባባይ ሲናገሩ እንዲህ ያለው ነገር ወንዶች ባሉበት ቀርቶ በሴቶች መካከልም በግልጽ አይነሣም ነበር። ለምን ተሰሙ? እኔ የሚመስለኝ፣ አዋላጅ ስለነበሩ ነው። ሌላው ስለ ባህል ሲያወራ እሳቸው ስለ ጠባሳ አወሩ፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ጠባሳው አልከፈት ብሎ ልጁ መውጫ ሲያጣ በእጃቸው ያዩትን። የሕግ ባለሙያ ከበር ውጭ ይቀራል፣ ጋዜጠኛም ይቀራል፣ አዋላጅ ትገባለች። በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት ሠርተው፣ ጡረታቸውንና ያላቸውን ጥሪት አፍሰው፣ በጦርነት በፈረሰችው ሐርጌሳ ላይ የእናቶች ሆስፒታል አስገነቡ። በ2002 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ አዋላጆችም ያሠለጥናል።

እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ግርዛትና መሰል ልማዶች ካርቱም ላይ ከጠራው ጉባኤ በኋላ፣ በ1984 ዳካር ላይ የአፍሪካ ሴቶች ተሰብስበው የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ሆነ፤ ለረጅም ዓመታት የመሩትም ኢትዮጵያዊቷ ብርሃኔ ራስወርቅ ናቸው። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 የሚታሰበው ግርዛትን የመቃወሚያ ቀን የታወጀው በዚሁ ኮሚቴ ጉባኤ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በ1995 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ከጄኔቭ ወይም ከኒውዮርክ ተጭኖ መጣ የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ከምባታ ውስጥ ቦጋለች ገብሬ የሄዱበት መንገድ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ከአሜሪካ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ ሕዝቡን ሰብስበው የጀመሩት በግርዛት አይደለም። የምትፈልጉት ምንድን ነው አሉ። ድልድይ ተባለ፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበያተኛም ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ገራዧና ወጣቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ለወራት የሚወያዩበት ስብሰባ የመጣው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በብዙ ሰው ፊት በይፋ ተዳረች፤ ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ ደስተኛ እንደሆነ ለሕዝቡ አሳየ። አያቲቱ “ባል አታገኝም” ብላ የምትፈራው ነገር በሰርግ ተመለሰላት። ክርክሩ በክርክር አልተረታም፤ በከበሮ ተረታ።

መብት ማለት የመጠየቅና የመመለስ ጉዳይ ነው ካልን፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ ለውጥ ያመጣል። ኤድናም ቦጋለችም ራሳቸው የተገረዙ ናቸው፤ አያቲቱን “አንቺ አረመኔ” የማለት መብት ቢኖራቸው እንኳ አልተጠቀሙበትም። የዚያኑ ጊዜ ሰዎች የሆኑት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት የያዙት ሌላ መንገድ ነበር። ማኅበሩ በ1987 ዓ.ም. ሲመሠረት በሥራ ላይ የነበረው የወንጀል ሕግ ጠልፎ ያገባን ሰው ከቅጣት ያሳልፍ ነበር። መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው ጠላፊዋን ለገደለች የ14 ዓመት ልጅ ጥብቅና ቆመው ጉዳዩን አገር አወቀው። የ1997ቱ ሕግ ያን ማምለጫ ዘጋ፤ ዛሬ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን አያድንም።

ስትጠይቅስ?

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደረስን፤ ብዙ መጽሐፍ ዘሎት ያልፋል። አንዲት የተሰፋች ሴት ወለደች እንበል። አዋላጇ ለመውለጃ የቀደደችውን መስፋት አለባት። ሴትዮዋ “እንደነበረው መልሺልኝ” ትላለች፤ ጠባብ እንዲሆን፣ ባሏ ሌላ እንዳያስብ፣ ሰውነቷም ሲከፈት ባዶ ስለሚሆንባት። አዋቂ ናት፣ አእምሮዋ ሙሉ ነው፣ ማንም አልያዛትም። እስካሁን እንዳልነው ከሆነ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። አዋላጇ ምን ትመልስ?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 ክልከላውን በልጆች ላይ አልወሰነም፤ በማንኛውም ዕድሜ ላይ ያለች ሴትን ይጠቅሳል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2009 ዓ.ም. ሐኪምና ጤና ተቋም ግርዛት እንዳይፈጽሙ አግዷል። ስለዚህ አዋላጇ እንቢ ትላለች። ታዲያ ይህ እንቢታ ራሱ የሴትዮዋን ውሳኔ መርገጥ አይደለም ወይ?

አንዳንዱ “ውሳኔዋ የእውነት የእሷ አይደለም፣ ማኅበረሰቡ ነው በአፏ የሚናገረው” ብሎ ይመልሳል። ይህን መልስ አልወደውም። እንዲህ ከተባለ የማናችን ውሳኔ ነው ከማኅበረሰብ የጸዳው? ዛሬ ማኅበረሰቡ በአፏ ይናገራል ብለን ስለ አንዲቱ ከወሰንን፣ ነገ ስለ ሁሉም እንወስናለን። የተሻለው መልስ ሌላ ነው። በራስ አካል ላይ መወሰን ሌላውን ሰው፣ እዚህ ላይ አዋላጇን፣ ይጎዳል ብላ ያመነችበትን ነገር እንድትሠራ አያስገድድም። ሴትዮዋ የመጠየቅ መብት አላት፤ አዋላጇ ግን የተማረችውና የተሠማራችው ያንን ቁስል ለመጠገን እንጂ ለመመለስ አይደለም። ከዚህ በላይ ደግሞ ጥሩ አዋላጅ ወሬውን በእንቢታ አትዘጋም። ቁጭ ብላ ክፍት ሆኖ ሲድን ምን እንደሚመስል፣ ሽንቷ እንዴት እንደሚቀል፣ ቀጣዩ ምጥ ምን እንደሚሆን ታስረዳታለች። ባልየውን ታስጠራለች። ባሎችን ስታናግር ከሚገጥማት ነገር አንዱ፣ ብዙዎቹ የሠርግ ሌሊት ጣጣውን እነሱም የሚጠሉት መሆኑ ነው፤ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ሳይናገሩ ቀርተዋል።

ይህ ሙሉ በሙሉ ያሳምናል አልልም። ሕግ በልጆች ላይ ሲያተኩር መሠረቱ ጠንካራ ነው፤ አዋቂዋ ላይ ሲደርስ ይሳሳል፤ አንባቢ ይህን ሥሥነት ቢያይ መብቱን በተሻለ ይረዳዋል እንጂ አይጎዳም።

ዘበኛውም ሳይጠይቅ

ስለ አካል መብት ስንነጋገር ባህልን ብቻ መክሰስ ለመንግሥት ባለሥልጣናት ይመቻቸዋል። ጅግጅጋ ውስጥ “ጄል ኦጋዴን” ይባል የነበረው ማረሚያ ቤት ግን የአያት ሥራ አልነበረም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ባወጣው ዘገባ የቀድሞ እስረኞች ስለ ድብደባ፣ ስለ ማሠቃየትና ሴት እስረኞች ላይ ስለሚፈጸም መደፈር የሰጡትን ቃል አሳትሟል። በዚያው ዓመት የክልሉ አመራር ተቀይሮ ማረሚያ ቤቱ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ተዘጋ። ያለ ፈቃድ ወደ አካል የሚዘልቅ እጅ ሁልጊዜ ምላጭ አይዝም፤ ደመወዝ የሚከፈለውና መለዮ የለበሰም አለ። በሩን ከሰበረው ጋር ደግሞ ሽማግሌ አይቀመጥም።

ከሶማሌ ክልል የወጡት ፊልሳን አብዱላሂ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ሚኒስትር ሳሉ፣ በ2013 ዓ.ም. የካቲት ላይ በትግራይ ጦርነት ወቅት አስገድዶ መድፈር መፈጸሙ መረጋገጡን በይፋ ተናገሩ። በሚኒስትርነት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን መናገር የተለመደ አልነበረም። በ2014 መስከረም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሴቶች የሚመራ የመብት ሥራ ብዙ ጊዜ በጤና ጣቢያና በሰፈር ውይይት ይጀምርና ሳይታሰብ እዚህ ይደርሳል።

ድንበሩ

ሀርሺን ላይ ሁለት ሕጎች ይገናኛሉ። በዚህ በኩል የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አለ። በዚያ በኩል የሶማሌላንድ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ያወጣው ፈትዋ አለ፤ ከባዶቹን ዓይነቶች ይከለክላል፣ ቀለል ያለውን ግን በሩን አይዘጋበትም። ኤድና አደን ሁሉም ይቁም ከሚሉት ናቸው። ፈትዋው እርምጃ ነው ወይስ ማመቻመች የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ ከኤድና ጎን ነኝ፤ “ትንሽ ብቻ” የሚባለው ትንሽ በማን እጅ እንደሚለካ ያየ ሰው ሌላ ቦታ ሊቆም አይችልም።

ቤተሰቡ ግን አንድ ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ የሸሸው ሕዝብ የሰፈረው እዚሁ አጠገብ ሐርቲሼክ ላይ ነው፤ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፣ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው። ዘመዱ እዚያም እዚህም ስለሆነ ግመሉ ወደ በርበራ ይነዳል፣ ልብስና ሩዝ በዚያው ይመለሳል፤ ገራዧም እንደዚያው ትሻገራለች፣ ልጅቷም ወደ እሷ ትወሰዳለች። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ሞምባሳ ላይ ተሰብስበው ድንበር አቋራጭ ግርዛትን አብረው ለመከላከል ተስማምተዋል። ስምምነቱ የሚኒስትሮች ነው። ሀርሺን ላይ የሚፈጽሙት፣ ካሉ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለች አንዲት አዋላጅና ሶማልኛ የምትናገር የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ናቸው፤ በስምንተኛው ምዕራፍ የእነሱን ሥራ፣ በጀታቸውንና የሚሄዱበትን መኪና ሳይቀር እናያለን።